ኩባንያው ሲሄድ ሙያው ይቀራል ወይ?

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ልብሶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር። አሜሪካም ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል እንደምታስወጣ ተናግራለች፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ቃሏን ፈጸመች። ስለ ጠፋው ውጭ ምንዛሪና ሥራ ስላጡት ሴቶች ብዙ ተጽፏል፤ መጻፍም ነበረበት። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሴቶች ዓመታት ማሽን ፊት ተቀምጠው ሲወጡ ምን ሙያ ይዘው ወጡ?

የልብስ ፋብሪካን አሠራር በቅርብ ያየ ሰው መልሱን ይገምታል። አንድ ሸሚዝ ከጥቅል ጨርቅ ተነሥቶ ካርቶን እስኪገባ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ በፍጥነቷ ማንም አይደርስባትም ይሆናል፤ ሙሉ ሸሚዝ ቆርጦ መስፋት ግን አልተማረችም። መርካቶ ውስጥ በአሮጌ ሲንጀር የሚሠራ ሰፊ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ ያስረክባል፤ እሷ ከፓርኩ ስትወጣ የእሱን ሱቅ መክፈት አትችልም። ንድፉ የተሠራውና ጨርቁ የተመረጠው፣ ዋጋውም የተቆረጠው ውጭ አገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩን ከሚመሩትና ማሽኑን ከሚጠግኑት ብዙዎቹ ከስሪላንካ፣ ከህንድና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

ደግሞስ እስኪማሩ ድረስ መቼ ቆዩ? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ መላክ አይቻልም። ከሐዋሳ በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራው ከደረሳቸው ውስጥ አንድ ሦስተኛው ገና በመጀመሪያው ወር ተውት። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶዎቹ ለቀዋል። ደመወዙ ውጭ ከሚገኘው የቀን ሥራና ከጉልት ንግድ የሚሻል ሆኖ አላገኙትም፤ በጤናቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ይበልጥ ነበር።

ሠራተኛው ነገ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ አሠሪ ገንዘቡንና ጊዜውን ለማስተማር አያወጣም። ሠራተኛውም የማይማርበትና ደመወዙ የማያድግበት ቦታ ላይ ዕድሜውን አይጨርስም። ሁለቱም እንደየአቅማቸው ትክክል አስበዋል፤ አገሪቱ ግን በመካከላቸው ትከስራለች።

ይህን የማነሣው ስለ ልብስ ስፌት ብቻ ለመናገር አይደለም። የዓለም ባንክ እንዳሰላው ከ2004 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ በአማካይ በዓመት 10.9 በመቶ አድጓል። ይህ ዕድገት በዋናነት የመጣው መንግሥት ተበድሮም ቆጥቦም በመንገድ፣ በግድብ፣ በባቡርና በኮንዶሚኒየም ላይ ካፈሰሰው ገንዘብ ነው። በዚህ አላፍርም፤ መንገድ ለሌለው አገር መንገድ መሥራት ትክክል ነው። ነገር ግን በሲሚንቶ የሚመጣ ዕድገት ብድሩ ሲቆም አብሮ ይደክማል። ከዚያ በኋላ አገርን የሚያስኬደው አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ነገር ከዓመት ዓመት መጨመሩ ነው። እሱ ደግሞ የሚጨምረው ሰው በእጁና በጭንቅላቱ የያዘው ሲጨምር ነው።

ኢትዮጵያ ይህን በሚገባ የሠራችበት ቦታ አላት፤ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ኢትዮጵያዊ አብራሪም፣ የአውሮፕላን መካኒክም አልነበረውም። ቲደብልዩኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል አሜሪካውያን መጡ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ሥራ ተጀመረ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተነሣ። እስከዚህ ድረስ ከሐዋሳው ታሪክ ብዙ አይለይም፤ ካፒታሉም ዕውቀቱም የመጣው ከውጭ ነው።

ልዩነቱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታደሰው ስምምነት ድርጅቱ ውሎ አድሮ በኢትዮጵያውያን የሚመራ እንዲሆን ግብ አድርጎ ያዘ። አሜሪካውያኑ ለሥራ ብቻ አልተቀጠሩም፤ የሚተካቸውን ሰው ማፍራትም ሥራቸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የቴክኒሻኖች ትምህርት ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1971 አየር መንገዱ 25 ዓመት ሲሞላው ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ፤ ቲደብልዩኤም ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ማንም አልቸኮለም፤ ማንም ግን ግቡን አልረሳም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንግሥት ሁለት ጊዜ በኃይል ተለውጧል፣ ጦርነትና ረሃብ አልፏል፤ ድርጅቱ አልወደቀም። ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አፍሪካ አየር መንገዶችን አውሮፕላኖች ይጠግናል፤ የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ከብዙ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ አውሮፕላኑን የሚያበርረውም የሚጠግነውም ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ብሔራዊ ኩራት ብቻ እናነሣዋለን። እኔ ከኩራቱ ይልቅ ውሉን ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅመናል እላለሁ።

ሙያ በትእዛዝ እንደማይመጣ ደግሞ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) አሳይቶናል። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም የተሰጠው ዓላማ መልካም ነበር፦ በአገር ልጅ አቅም ማምረት። ነገር ግን አንድም የኃይል ግድብ ተርባይን ገጥሞ የማያውቅ ድርጅት የሕዳሴ ግድቡን የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያዘ፤ በዚያ ላይ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካና የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተጨመሩለት። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የግድቡ ሥራ ከሜቴክ መወሰዱን ይፋ አደረጉ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ አንድም ተርባይን አልዞረም ነበር። ሥራው ልምድ ላላቸው የውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሜቴክ ውስጥ ስለተባከነው ገንዘብ ፍርድ ቤት ብዙ ተብሏል። ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ያ ጊዜ ነው። አየር መንገዱ እንዳደረገው ከሚያውቅ ጎን አሥር ዓመት ቆሞ ለመማር የተመደበ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ተርባይን የሚገጥም ኢትዮጵያዊ ቡድን በእጃችን ነበር።

ግድብ ካነሣን አይቀር ሌላም አለ። ጊቤ ሁለት፣ ጣና በለስ፣ ጊቤ ሦስት፣ ሕዳሴ፣ አሁንም ኮይሻ፤ የሁሉም ዋና ተቋራጭ ቀድሞ ሳሊኒ፣ ዛሬ ዌቢውልድ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች፣ ኦፕሬተሮችና ግንበኞች ሥሩ ሠርተዋል። የመስኖ ግድብ የገነቡ የመንግሥት ድርጅቶችም አሉን። ይህን የሚያህል የኃይል ግድብ በዋና ተቋራጭነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ድርጅት ግን እስከ ዛሬ የለም። አምስት የኃይል ማመንጫ አንድ ባለቤት ለማፍራት አነሰ?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ይዟል። 752 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መስመር ሥራ ሲጀምር ለስድስት ዓመት የሚያስተዳድሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ጊዜ የተቆረጠለት ርክክብ በመሆኑ ሁሉም ወገን ምን እንደሚጠበቅበት ያውቅ ነበር። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን መስከረም 2008 ዓ.ም. በደስታ ከተጀመረ በኋላ ከ41 ባቡሮቹ በርካቶቹ በጥገናና በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ባቡር መግዛትና ባቡር ማወቅ የተለያዩ ወጪዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ወጪ በብድሩ ውስጥ በደንብ አልተጻፈም።

ስለ ልማት በተነሣ ቁጥር ኮሪያ ትጠራለች። ቃኘው ሻለቃ ሲዘምት ኮሪያ ድሃ ነበረች፣ ዛሬ የት ደረሰች ይባላል፤ ወሬው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። እንዴት? የሚለውን ማን ይጠይቅ? እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኮሪያ የሙያ ሥልጠና ሕግ 300 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ሁለት ምርጫ ሰጣቸው፦ ወይ በየዓመቱ የተወሰነ ሠራተኛ ራሳችሁ አሠልጥኑ፣ ወይ ለሌላው ሥልጠና የሚውል መዋጮ ክፈሉ። ሰው አሠልጥኜ ለጎረቤቴ አስረክባለሁ የሚለው የፋብሪካ ባለቤት ስጋት በዚህ ተፈታ፤ ጎረቤቱም እኩል ይከፍላልና። ከሕጉ በፊት ደግሞ ኮሪያውያን ሌላ ሥራ ጨርሰው ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ ሕፃን ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃውና ዩኒቨርሲቲው የሰፋው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ሁለት የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተወሰነ። ታች ያለው ክፍል ግን እንደነበረ ነው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው አንደኛ ደረጃን በሚጨርሱበት ዕድሜ ላይ ካሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች 90 በመቶዎቹ አንድ አጭር ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2020 እ.ኤ.አ. የሰው ሀብት መለኪያ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቀመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የተማረው ሲመዘን ግን 4.3 ዓመት ብቻ ሆነ። ሦስት ዓመት ተኩል ዩኒፎርም ለብሶ፣ ደብተር ይዞ፣ በባዶ የመመላለስ ነገር ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ብዙ ሰው ፈተናውን ወቀሰ፤ አንዳንዱ ሚኒስትሩን። ፈተናው ግን በሽታውን አላመጣውም፤ ለብዙ ዓመት በኩረጃ ተሸፍኖ የቆየውን አሳየን እንጂ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ተመሳሳይ ነገር ተናገረ፤ ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከግል ተቋማት የመጡት ደግሞ ከአምስቱ አንድ እንኳ አልሞሉም። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። አንደኛ ክፍል ላይ ፊደል ሳይለዩ ወደ ሁለተኛ ያለፉ፣ በየዓመቱም ዕዳቸው እየጨመረ የሄደ ልጆች ናቸው። የሂሳብ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አሥር ዓመት ቆይቶ የማሽን ልኬት አይገባውም።

ቴክኒክና ሙያስ? እዚህ ላይ ያለው ችግር ግማሹ የገንዘብ፣ ግማሹ የአስተሳሰብ ነው። «የተማረ ይግደለኝ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ የተማረ ስንል ግን ወረቀት የያዘውን እንጂ ብረት የሚበይደውን ማለታችን አልነበረም። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ «ባለእጅ» የሚለው ቃል ራሱ ምስጋና መሆን ሲገባው መገለያ ሆኖ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ይህን አይተው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ዛሬ «ውጤት አልመጣለትም፣ ቴክኒክና ሙያ ገባ» ይባላል። አዋጁ አፍ ላይ ያለውን አስቀርቶ ይሆናል፤ ምደባው ላይ ያለውን ግን አልነካውም። የወደቀ ብቻ የሚላክበት ትምህርት ቤት ምንም ያህል ቢሰፋ ክብር አያገኝም።

ኮሌጆቹ ውስጥ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ አሠልጣኝ ከመጽሐፍ ያስተምራል። በሕጉ የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ፤ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን ድርጅት ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው። የሚቀበል ድርጅት ሲታጣ ግን ልጁ ሳይነካው የተመረቀበትን ማሽን ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ፈተና ያጠናዋል። ከዚህ አንጻር ጋራዥ የገባ ልጅ ዕድለኛ ነው። መጀመሪያ ካቻቪቴና ፒንሳ ያቀብላል፣ ዕቃ በቤንዚን ያጥባል፣ ይሰደባልም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሞተር በድምፁ ያውቃል። ምናለሽ ተራ ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃና ሚዛን የሚሠሩት ሰዎች በዚህ መንገድ የተማሩ ናቸው። የእነሱን እውቀት የሚመዝንና የሚያሳድግ፣ ንድፍ ማንበብና ሂሳብ የሚጨምርላቸው የማታ ትምህርት ብዙ ቦታ የለም። የመንግሥት ገንዘብ የኔ ቢሆን መጀመሪያ የማውለው እዚህ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም መልካም ነው፤ ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ያለው ወጣት በነጻ ይማርበታል። አንብቦ መረዳት ላልቻለው 90 በመቶ ግን አይደርስም።

በቀላሉ ተስፋ እንዳንቆርጥ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብሩን አስታውሳለሁ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሕፃናት 204 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 68 ወረደ። ያን ሁሉ እነሱ ብቻቸውን አላመጡትም፤ ያለ እነሱ ግን ክትባቱም ምክሩም በየቤቱ አይደርስም ነበር። ሥልጠናው ከሥራ ጋር ተያይዞ፣ ሥራው ከደመወዝ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ድሃ አገርም ያሳካዋል።

ፈጠራ ሲባል ደግሞ ሁሉም ሰው ስልክና ኮምፒውተር ያስባል። እኔ የማስበው ጤፍን ነው። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 ፍሬ ይገባል፤ አበባውም እንዲሁ ደቃቅ ነው፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። በዚህ ምክንያት ሁለት የጤፍ ዝርያ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አበባው ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ በዚያች ሰዓት በማጉያ መነጽርና በመርፌ ማዳቀል ተቻለ። ከዚያ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ለዓመታት ሠሩ። ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ብዙ ነበር፤ ንጣቱ ግን ገበያ ላይ አልተወደደለትም። ማኛው ነጭ ነበር፤ ምርቱ ግን ያንሳል። የሁለቱ ልጅ ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ ገበሬውም ተቀበለው። ከማለዳዋ ግኝት እስከ ቁንጮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሄዷል። ጤፍ የኛ ነውና ይህን ምርምር ሌላ አገር አይሠራልንም ነበር፤ አበባውን ማለዳ ተነሥቶ የሚያይ ሰው እዚሁ መማር ነበረበት።

እንግዲህ ከነገው ጀምሮ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። አዲስ ኩባንያ ወደ ፓርክ ሲገባ፣ ከመሬቱና ከግብር እፎይታው ጋር አብሮ በስንት ዓመት ስንት ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን፣ ንድፍ ሠሪና የመስመር መሪ እንደሚያፈራ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ እፎይታውም በዚያ ይለካ። ትልልቅ ድርጅቶች፣ የመንግሥቶቹም ጭምር፣ ወይ ያሠልጥኑ ወይ ይክፈሉ። ጎበዝ መምህር ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይልቅ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሲያስተምር የተሻለ ደመወዝ ያግኝ። በ2018 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚቀመጠው በ2029 ዓ.ም. ነው፤ ፊደል የሚለይበት ዓመት ግን ይሄው የመጀመሪያው ነው።